ዝም ላሉ መምህር የሚጻፍ ሁለተኛ ኢሜይል

ውጭ አገር ማስተርስ ለመማር የሚያመለክት ሰው ቶፍሉን ራሱ ይፈተናል፣ ትራንስክሪፕቱንም ሬጅስትራር ተመላልሶ ያወጣል። የሪኮመንዴሽን ደብዳቤው ግን በመምህሩ እጅ ነው። ኢሜይል ይልካል፣ ሳምንት ያልፋል፣ መልስ የለም። ከዚያ በኋላ ምን ይደረግ ለሚለው በየቴሌግራም ግሩፑ የሚሰጠው ምክር ግን አብዛኛው መሠረት የለውም።

«ዝም ካሉ አልፈለጉም ማለት ነው»

ከሁሉም የሚጎዳው እምነት ይህ ነው። መምህሩ መልእክቱን ታክሲ ውስጥ በስልካቸው ከፍተው «ማታ በላፕቶፕ እመልሳለሁ» ብለው ትተውት ይሆናል፤ እስከ ማታ ደግሞ ሌላ ብዙ መልእክት ከላዩ ይደረደራል። ተማሪው «እምቢ አሉኝ» ብሎ ሲያዝን እሳቸው ጥያቄውን ጨርሶ ረስተውታል።

ሌላም አለ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አመልካቹ የመምህሩን አድራሻ ሲሞላ ደብዳቤው የሚጫንበትን ሊንክ ለመምህሩ በቀጥታ ይልካሉ። የማያውቁት ላኪ ስለሆነ ስፓም ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ጂሜይል ደግሞ ስፓም ውስጥ የገባውን ከ30 ቀን በኋላ ያጠፋል። ስለዚህ «ሊንኩ ከዩኒቨርሲቲው ስም ነው የሚመጣው፤ ካላገኙት ስፓም ውስጥ ይዩልኝ» የምትል አንዲት መስመር ከብዙ ልመና ትሻላለች።

«ደግሞ መጻፍ ድፍረት ነው»

ይሉኝታ የያዘው ሰው መምህሩን የጎተጎተ ይመስለዋል። ድፍረት የሚያሰኘው ግን አጻጻፉ ነው። «ከዚህ በፊት ልኬልዎት ነበር፤ እስካሁን መልስ አላገኘሁም» የሚለው ሐሰት የለበትም፣ ሲነበብ ግን ክስ ነው። በይቅርታ ብዛት የተንዛዛውም አይሻልም፤ «እንደማስቸግርዎ ባውቅም፣ ሥራ እንደሚበዛብዎ ብረዳም» እያለ ሲሄድ ጥያቄው ከታች ይቀበራል፣ ስልክ ላይ ደግሞ ቀድመው የሚታዩት የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ናቸው። እንዲህ ቢሆንስ?

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። በ2015 ዓ.ም. ሃይድሮሎጂ ያስተማሩኝና የመመረቂያ ጽሑፌን ያማከሩኝ ተማሪዎ ነኝ። ለማስተርስ ማመልከቻዬ የሪኮመንዴሽን ደብዳቤ ይጽፉልኝ እንደሆነ ለመጠየቅ ነበር የጻፍኩልዎ። የመጨረሻው ቀን በእኛ ታኅሣሥ 6፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 15 ነው። ሲቪዬንና የጽሑፌን አጭር መግለጫ አያይዣለሁ። ጊዜ የማይኖርዎ ከሆነ ቢነግሩኝ ቅር አይለኝም፤ ሌላ መምህር እጠይቃለሁ።»

እኔ ከዚህ ሁሉ የምወደው የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ነው። እኛ ዘንድ ተማሪን ፊት ለፊት «አልችልም» ማለት ይከብዳል፤ ስለሚከብድም ዝም ይባላል። እምቢ ማለትን ያቀለለ ተማሪ መልስ የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል፤ መልሱ «አልችልም» ቢሆን እንኳ ሌላ ሰው የሚፈልግበት ጊዜ ይተርፈዋል። ሲቪው እንደገና መያያዙም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የቆየ መልእክት ፈልገው ፋይሉን እንዲያወጡ ማድረግ ለመምህሩ ሌላ ሥራ መጨመር ነው።

«አዲስ ሰብጀክት ትኩረት ይስባል»

በተቃራኒው። ቀድሞ የላኩትን ከፍቶ እዚያው ላይ ሪፕላይ ማድረግ ይሻላል፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ከሥሩ ስለሚቀመጥ መምህሩ ወደ ኋላ ተመልሰው አይፈልጉም። ሰብጀክቱ ላይ «አስቸኳይ!!!» ብሎ መጻፍስ? የዘገየው ላኪው ራሱ ሆኖ ሲገኝ ያሳፍራል።

«እንዳነበቡት ምልክቱ አሳይቶኛል»

ኢሜይል መከፈቱን እናሳያለን የሚሉት አገልግሎቶች አብዛኞቹ መልእክቱ ውስጥ በዓይን የማትታይ ምስል ይደብቃሉ፤ ምስሏ ስትጫን «ተከፍቷል» ይላሉ። አፕል ግን ከ2021 ጀምሮ በሜይል መተግበሪያው የግላዊነት ጥበቃን ለመረጠ ሰው የሚደርሱትን ምስሎች፣ መልእክቱ ባይነበብም፣ አስቀድሞ ይጭናል። በዚህ ምልክት ተማምኖ መቀየም አይገባም።

«ሁልጊዜ ከ3 ቀን በኋላ»

እንዲህ ያለ ሕግ የለም። የሚቆጠረው ከመጨረሻው ቀን ወደ ኋላ ነው። ሁለት ወር ካለ ሳምንት ወይም አስር ቀን መታገሥ ያምራል፤ ሳምንት ብቻ ከቀረ ሁለት ቀን ይበቃል።

ታዲያ የመጨረሻው ቀን ራሱ ያታልላል። ማመልከቻው በአሜሪካ ምሥራቃዊ ሰዓት ዲሴምበር 15 በ11፡59 PM ይዘጋል ከተባለ፣ በክረምታቸው የ8 ሰዓት ልዩነት ስላለ፣ አዲስ አበባ ላይ ዲሴምበር 16 ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው። ለመምህሩ ይህን ሁሉ መተንተን አያስፈልግም፤ አንድ ሁለት ቀን ቀደም ያለ ቀን መስጠት ይሻላል። ውጭ ላለ ፕሮፌሰር ሲጻፍ ደግሞ «3 ሰዓት ላይ እደውላለሁ» ማለት አደጋ ነው፤ እኛ ጠዋት ስንል እሱ ከሰዓት በኋላ ብሎ ይይዘዋል።

«የዲፓርትመንት ኃላፊውን ሲሲ ባደርግ ይፈጥናሉ»

ይፈጥኑ ይሆናል፤ ደብዳቤው ግን የተገደደ ሰው ደብዳቤ ይሆናል። ሁለተኛውም ኢሜይል ካልተመለሰ መደወል፣ ከተማው ውስጥ ከሆኑ ደግሞ ቢሮ ሄዶ ማንኳኳት ነው፤ ብዙ መምህር ከኢሜይል ይልቅ በር ላይ ለቆመ ተማሪ ቶሎ ይመልሳል። እስከዚያው ሌላ መምህር መጠየቅ ይቻላል፤ ብዙ ፕሮግራሞች ሁለት ወይም ሦስት ደብዳቤ ስለሚጠይቁ አንድ ትርፍ ስም መያዝ አይከፋም።