የጂዋጂ ቤት
ሰቆጣ የጨው ገበያ ነበረች። ከአፋር በረሃ የተቆረጠው አሞሌ የዋግን ዳገት ወጥቶ እዚያ ይራገፍና ወደ መሀል አገር ይቀጥል ነበር። የሲራራ ነጋዴ ወሬ እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ ስለዚህ የድሮ ነጋዴ ቤት ካለ ሳላይ አላልፍም። ሐረር እንደገባሁም መጀመሪያ ያመራሁት በግንብ በታጠረችው አሮጌ ከተማ፣ በጀጎል ውስጥ፣ ወዳለው የራምቦ ቤት ነው።

የእንጨት ፎቅ ቤት ነው፤ ከአካባቢው ጣሪያዎች በላይ ብቅ ብሎ ከሩቅ ይታያል። ኮርኒሱ በሥዕል አጊጧል። ከሁሉ ዓይን የሚይዘው ግን መስኮቱ ነው፦ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ መስታወት። ፀሐይ ስታልፍበት ቀለሙ ሳንቃው ላይ ይዘረጋል፤ እጄን ዘርግቼ ቀይ ብርሃን መዳፌ ላይ ሲያርፍ ቆሜ አየሁ።

ስሙ ግን የሌላ ሰው ነው። ግጥም ትቶ ንግድ የያዘው ፈረንሳዊ አርተር ራምቦ ሐረር የገባው በ1873 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቡናና ቆዳ ሲነግድ ቆይቶ በ1884 ዓ.ም. ማርሴይ ላይ ሞተ። ይህ ቤት የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያሠራውም ጂዋጂ የተባለ ሕንዳዊ ነጋዴ ነው። ራምቦ የኖረበት ቤት በዚሁ ቦታ ላይ ነበር የሚሉ አሉ። ዛሬ ቤቱ ራምቦ ያነሳቸውን ፎቶግራፎችና የጥንቷን ሐረር ምስሎች የያዘ ሙዚየም ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ሐረርን ከያዙ በኋላ የመጡት ሕንዶች የከተማዋን የቤት አሠራር ለውጠዋል። የሐረሪዎቹ ቤት፣ ጌይ ጋር፣ ከግንብ አጥር ጀርባ ተሸሽጎ ውበቱን ለገባ እንግዳ ብቻ ነው የሚገልጠው፦ በቀይ የተቀባው መደብ፣ ግድግዳው ላይ የተደረደረው ሳህንና ሙዳይ። የሕንዶቹ ግን ባለ አንድ ፎቅ ሆኖ የእንጨት በረንዳውን ወደ መንገዱ አውጥቷል። ገበያውን ከላይ ሆኖ ማየት የሚወድ ሰው ቤት ይመስለኛል። ቆይቶም ሁለቱ ተዳቅለው ሦስተኛ ዓይነት ቤት ወጣ። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ይህ የቤቶቹ ስብጥር አንዱ መለያው ነበር።

ራምቦ ክብሩ አይቀነስበት። የጂዋጂ ስም ግን በሩ ላይ በጉልህ ቢጻፍ ደስ ይለኛል። የሰቆጣን ጨው ያመላለሱትን ነጋዴዎች ስም ዛሬ የሚጠራልኝ አላገኘሁም፤ የእሱ ግን ቤቱም ስሙም አለ።