ግብሩ የምታድሩበትን፣ የመሣሪያ ሕጉ የቆማችሁበትን ይከተላል

ከዋሽንግተን ዲሲ ተነስታችሁ የፖቶማክን ወንዝ በድልድይ ስትሻገሩ ቨርጂኒያ ገባችሁ ማለት ነው። በሌላ አቅጣጫ በሜትሮ ባቡር ጥቂት ጣቢያዎች ብትሄዱ ደግሞ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ትወርዳላችሁ። እንጀራው በሦስቱም በኩል ያው እንጀራ ነው። የአማርኛ ታፔላ የሰቀለ ሱቅም በሦስቱም አለ፤ ከኢትዮጵያ ውጭ ካሉት ትልልቅ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰቦች አንዱ የሚኖረው እዚሁ ነውና። ነገር ግን በዚያች ግማሽ ሰዓት በማትሞላ ጉዞ ውስጥ የግብር ሕጉም የጦር መሣሪያ ሕጉም ሁለት ጊዜ ተቀያይሯል።

አገር ቤት ላደገ ሰው ይሄ ትንሽ ግር ይላል። የኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከሞያሌ እስከ ሁመራ አንድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን የፌዴራሉ ሕግ ከሥር እንደ መሠረት ሆኖ፣ ከላዩ እያንዳንዱ ግዛት የራሱን ይገነባል። ስለዚህ ቤት የሚፈልግ ሰው ኪራዩንና የልጆቹን ትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን «የትኛው ሕግ ሥር ልኑር?» ብሎም ይጠይቃል። እናንተም አንድ ቀን፣ ለትምህርትም ለሥራም ሆነ ከቤተሰብ ጋር፣ ይህን ጥያቄ ትጠይቁ ይሆናል። እንዴት ይመዘናል?

ኢኮኖሚስቶች ለዚህ አንድ የቆየ ሐሳብ አላቸው። ቻርለስ ቲቡ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰዎች በምርጫ ካርድ ብቻ ሳይሆን በእግራቸውም ይመርጣሉ አለ። አንዱ ከተማ ብዙ ግብር ይሰበስብና ጥሩ ትምህርት ቤት ይሰጣል፤ ሌላው ትንሽ ይሰበስብና ትንሽ ይሰጣል። ሰው ገበያ እንደወጣ ሸማች የሚስማማውን መርጦ ይሰፍራል። ቆንጆ ሐሳብ ነው። ችግሩ ሰው ከቦታ ቦታ ሲዘዋወር ሥራ፣ ዘመድ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ዕድር ይዞ መሆኑ ነው። የሕግ ገበያው ደግሞ የዋጋ ዝርዝር አይለጥፍም። እስቲ ዝርዝሩን ራሳችን እናውጣው።

ከግብሩ እንጀምር። ለዋሽንግተን የሚከፈለው የፌዴራል የገቢ ግብር የትም ብትኖሩ ያው ነው፤ የሚለያየው የግዛቱ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ በእነዚህ ሦስት ቦታዎች የደመወዝ ግብር የሚከፈለው ለሚኖሩበት ግዛት እንጂ ለሚሠሩበት አይደለም። ዲሲ እንደውም ከከተማዋ ውጭ የሚኖር ሠራተኛን ገቢ እንዳታስከፍል የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው ሕግ ተከልክላለች። ቀን ዲሲ ሠርታችሁ ማታ አሌክሳንድሪያ የምታድሩ ከሆነ ግብራችሁ የቨርጂኒያ ነው።

አሁን ተቀናሾች ሁሉ ከወጡለት በኋላ 50,000 ዶላር ግብር የሚከፈልበት ገቢ ያለው አንድ ሠራተኛ እንውሰድ። በቨርጂኒያ እርከኑ ከ2 በመቶ ተነስቶ ከ17,000 ዶላር በላይ ላለው 5.75 በመቶ ይደርሳል። ሲደመር 2,617 ዶላር ገደማ ይመጣል። በዲሲ የመጀመሪያው 10,000 ላይ 4፣ እስከ 40,000 ድረስ 6፣ ከዚያ በላይ እስከ 60,000 ድረስ 6.5 በመቶ ነው፤ ድምሩ 2,850 ዶላር። በሜሪላንድ የግዛቱ ግብር 2,322 ዶላር ገደማ ነው፤ ከሦስቱ ትንሹ። «ሜሪላንድ ረከሰች» ልትሉ ነው አይደል? ቆዩ። ሜሪላንድ ውስጥ ካውንቲውም የራሱን የገቢ ግብር ይሰበስባል። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለችበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ 3.2 በመቶ ነው፤ ይኸውም 1,600 ዶላር። ድምሩ ከ3,900 ዶላር ያልፋል።

«ዲሲ ግብሯ አይቻልም» የሚባለው ወሬ ከየት መጣ ታዲያ? ከሀብታሞቹ እርከን ነው። ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ለሚያገኝ ሰው የዲሲ ግብር 10.75 በመቶ ይደርሳል። ወሬው እውነት ነው፣ ግን የእናንተ እውነት ላይሆን ይችላል። በዚያ ላይ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ የሚፈቅዱት መደበኛ ተቀናሽ ከዲሲው ያነሰ ስለሆነ፣ ከጠቅላላ ደመወዝ ብንነሳ ኖሮ ንጽጽሩ ለዲሲ የበለጠ ያደላ ነበር።

የቨርጂኒያ መርከስም ቢሆን ጋራዥ ድረስ ብቻ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ መኪና በየዓመቱ የንብረት ግብር ይከፈልበታል። በአርሊንግተን ካውንቲ ለምሳሌ ከእያንዳንዱ 100 ዶላር የመኪና ግምት 5 ዶላር ነው፤ 20,000 ዶላር የተገመተ መኪና 1,000 ዶላር ማለት ነው። ግዛቱ በሚሰጠው ድጎማ ጥቂት ይቀነሳል። ሜሪላንድና ዲሲ እንዲህ ያለ ዓመታዊ የመኪና ግብር በግለሰብ ላይ የላቸውም። እንግዲህ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ መካከል ያየነው የ1,300 ዶላር ልዩነት፣ ባልና ሚስት በየፊናቸው መኪና ከያዙ፣ አብዛኛው እዚያው ይቀልጣል። በሜትሮ የሚሄድ ተማሪ ደግሞ የመኪና ግብር መኖሩንም አያውቅም።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ፦ ግብር የግዛቱ ጠባይ ብቻ ሳይሆን የእናንተም አኗኗር ነው። ቴክሳስን እዩ። ዳላስ ያሉ ዘመዶቻችሁ «እዚህ እኮ የስቴት ታክስ የለም» ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። ልክ ናቸው፤ ቴክሳስ ደመወዝ ላይ ግብር አትጥልም። ግን መንገዱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ፖሊሱ ገንዘብ ይፈልጋል። ስለዚህ ዕቃ ስትገዙ እስከ 8.25 በመቶ የሽያጭ ታክስ አለ፣ የቤት ግብሩም ከአገሪቱ ከባዶቹ መካከል ነው። ተከራይ ነኝ ብሎ የሚያመልጥ የለም፤ አከራዩ ኪራዩ ውስጥ ያስገባዋል። የግብርና የኢኮኖሚ ፖሊሲ ተቋም የተባለው የጥናት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ንጽጽር፣ ዝቅተኛ ገቢ ያለውን ሰው ከሀብታሙ አንጻር በጣም የሚጫነው የፍሎሪዳ ግብር ሆኖ ተገኝቷል። ፍሎሪዳም የገቢ ግብር የላትም። በዝርዝሩ ተቃራኒ ጫፍ ላይ የነበረችው ያቺው የምትታማው ዲሲ ናት።

ወደ ጦር መሣሪያው እንለፍ። እዚህ ጋ የሕጉ አሠራር ይገለበጣል። ግብር የምታድሩበትን ቦታ ሲከተል፣ የመሣሪያ ሕግ ግን በዚያች ደቂቃ የቆማችሁበትን መሬት ይከተላል።

በቨርጂኒያ ሕጉ የማይከለክለው አዋቂ ሰው ሽጉጡን ሰው እያየው ወገቡ ላይ ታጥቆ ለመሄድ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ፈቃድ የሚያስፈልገው በልብስ ከሸፈነው ነው። (አንዳንድ ከተሞችና ካውንቲዎች በመናፈሻዎቻቸውና በሕንፃዎቻቸው ከልክለዋል።) ሜሪላንድ ውስጥ ግን ሽጉጥ ለመግዛት ብቻ እንኳን በጥቅሉ አስቀድሞ የብቃት ፈቃድ ማውጣት፣ አሻራ መስጠትና ሥልጠና መውሰድ ይጠይቃል፤ ይዞ ለመውጣት ደግሞ ሌላ ፈቃድ አለ። ዲሲ ከሁለቱም ትጠብቃለች። እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ነዋሪዎቿ ሽጉጥ እንዳይኖራቸው ከልክላ ነበር፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2008 በሄለር መዝገብ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ክልከላውን ሻረው። ከዚያ ወዲህ ሽጉጥ መያዝ ይቻላል፣ ግን እያንዳንዱ መሣሪያ ፖሊስ ዘንድ መመዝገብ አለበት።

ውጤቱን አስቡት። ቨርጂኒያ ውስጥ ማንንም ሳይጥስ ሽጉጡን ታጥቆ ቁርስ የበላ ሰው፣ እንደታጠቀ ድልድዩን ቢሻገር ወንጀለኛ ነው። የቨርጂኒያው ፈቃድ ዲሲም ሜሪላንድም አይሠራም። ስለዚህ «ሕጉ የላላበት ልኑር» ወይም «ሕጉ የጠበቀበት ልኑር» ብሎ ቤት የመረጠ ሰው፣ ምርጫው የሚያገለግለው ድንበሩ ድረስ ብቻ ነው። መሣሪያውም ድንበር አይጠብቅም። ዲሲ ውስጥ ፖሊስ ከሚይዛቸው የጦር መሣሪያዎች ብዙዎቹ መጀመሪያ የተሸጡት ቨርጂኒያና ሜሪላንድ መሆኑን የፌዴራል ምርመራ መዝገቦች ያሳያሉ።

«ታዲያ ሕጉ ምን ጠቀመ? ዲሲ ሕጓ ጠብቆ በ2023 274 ሰው ተገደለባት» የሚል ይኖራል። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ በ2024 ደግሞ ወደ 187 ወርዷል፣ ሕጉ ያው ሆኖ። ግድያው በከተማዋ ላይ እኩል አልተበተነም፤ አብዛኛው ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ ባሉ ጥቂት ሰፈሮች ነው። አንድን ከተማ ከአንድ ሙሉ ግዛት ጋር ማነጻጸርም አያስኬድም፤ ግዛት ውስጥ እርሻም ጫካም ጸጥ ያለ መንደርም አለ። ግዛትን ከግዛት ስናነጻጽር ሥዕሉ ሌላ ነው፦ በ2023 ሕጓ በላላባት ሚሲሲፒ ከ100,000 ሰው 29 ያህሉ በጥይት ሞተዋል፤ ሕጓ በጠበቀባት ማሳቹሴትስ 4 እንኳን አይሞሉም። ድህነቱም፣ የመሣሪያው ብዛትም፣ ሌላም ሌላም ይለያያልና ልዩነቱን ሁሉ ለሕግ መስጠት አይቻልም። ሕጉ ምንም አይሠራም ማለት ግን ከዚያ ይበልጥ ይከብዳል።

አሁን ወደ እኔ ዋና ነጥብ ልምጣ። ስለ መሣሪያና መኖሪያ ስናወራ የምንፈራው መንገድ ላይ የሚያደባውን ሌባ ነው። በ2023 አሜሪካ ውስጥ በጥይት ከሞቱት 46,728 ሰዎች ግን 27,300ዎቹ፣ ከ10 ወደ 6 የሚጠጉት ማለት ነው፣ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ይህ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚሆነው ቤት ውስጥ፣ ቤት ውስጥ በነበረ መሣሪያ ነው። የስታንፎርዱ ዴቪድ ስተደርትና ባልደረቦቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ17 ሚሊዮን በላይ አዋቂዎችን ለዓመታት ተከታትለው በ2022 ባሳተሙት ጥናት፣ ራሳቸው ሽጉጥ ሳይኖራቸው ሽጉጥ ካለው ሰው ጋር የሚኖሩ ሰዎች፣ መሣሪያ በሌለበት ቤት ከሚኖሩት ይልቅ በሰው እጅ የመገደል ዕድላቸው ከእጥፍ በላይ ሆኖ አግኝተውታል። ራንድ የተባለው የምርምር ተቋምም የመሣሪያ ሕግ ጥናቶችን አንድ ባንድ መርምሮ፣ ማስረጃቸው ጠንካራ ካላቸው ሕጎች መካከል ያስቀመጠው መሣሪያ ከልጆች እጅ እንዲርቅ የሚያስገድዱትን ነው።

በሌላ አነጋገር የግዛቱ ሕግ ከሚለያያችሁ በላይ የራሳችሁ ጣሪያ ሥር ያለው ነገር ይለያያችኋል። ክፍል ተጋርታችሁ የምትከራዩ ከሆነ፣ «ዋይፋይ አለ ወይ?» ብላችሁ እንደምትጠይቁት «ቤቱ ውስጥ መሣሪያ አለ? የት ነው የሚቆለፈው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ለትምህርት ወይም ለጊዜያዊ ሥራ በቪዛ የሄደ ሰው ደግሞ ሌላም ማወቅ ያለበት አለ። በፌዴራል ሕግ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር መሣሪያ መያዝ አይፈቀድለትም፤ ግዛቱ ቴክሳስም ሆነ ቨርጂኒያ ለውጥ የለውም። ጓደኛ ጋብዞት ተኩስ መለማመጃ ሄዶ መተኮሱ እንኳን ችግር ውስጥ ሊከተው ይችላል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ይህ ክልከላ አይመለከተውም።

ሁለቱን አንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ የሚከብደው ለዚህ ነው። ግብር እርግጠኛና ትንሽ ነው፤ በየወሩ ከደመወዝ ላይ ሲቆረጥ ታዩታላችሁ። የጥይት አደጋ እምብዛም የማይደርስ፣ ከደረሰ ግን የማይመለስ ነው። አእምሯችን የወር ወጪን ማስላት ይችልበታል፤ እምብዛም የማይደርስን አደጋ ግን ወይ ይረሳዋል፣ ወይ ዜና በሰማ ቁጥር ያገዝፈዋል። በገንዘቡ በኩል የእኔ ምክር ቀላል ነው፦ ከላይ እንዳደረግነው በራሳችሁ ገቢ፣ በራሳችሁ መኪና፣ በራሳችሁ አስቤዛ አስሉት። ምሳሌያችን ላይ ያገኘነው ትልቁ ልዩነት በወር 110 ዶላር ያህል ነበር፤ በዚህ አካባቢ ሁለት ሰፈር ራቅ ብሎ መከራየት ብቻ ከዚያ በላይ ሊያስቀይር ይችላል።