ለመናፈስ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች የሕዝብንና የነጋድያንን ድጋፍ ስለሚያገኙበት መንገድ

ዓሣ ማጥመድ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ለእንጀራ የሚደረግ ነው፤ ባለ መረቡ በሌሊት ወጥቶ ጧት የያዘውን ወደ ገበያ ያደርሳል፤ ቤተ ሰቡንም በዚያው ያሳድራል። ሁለተኛው ለመናፈስ የሚደረግ ነው፤ ሰውዬው በዘንግና በመንጠቆ ቀኑን ሙሉ ከውሃ ዳር ውሎ ሁለት ዓሣ ቢይዝ ደስ ብሎት ይመለሳል፤ አንዳንዱም የያዘውን መልሶ ወደ ውሃው ይለቀዋል። ይህ ሁለተኛው ዓይነት በውጭ አገር እጅግ ከመስፋፋቱ የተነሣ የራሱ ማኅበርና የራሱ ቀረጥ ያለው ሥራ ሆኖአል። በአገራችንም ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራራ ወንዞች የተለቀቀውን ትራውት የተባለውን ዓሣ፣ በጫሞ ሐይቅም ትልቁን የናይል ዓሣ በመንጠቆ ለመያዝ የሚመጡ እንግዶች አሉ።

ስለዚህ በግዛቱ ሐይቅ ወይም ወንዝ ያለው ሹም ሁሉ፣ እንዲሁም በውሃ ዳር ይዞታ ያለው ሰው፣ አንድ ቀን እንዲህ ያለ አቤቱታ ሊቀርብለት ይችላል፤ «ዓሣው እያለቀ ነውና መረብ ይከልከል፤ ውሃው ለመንጠቆ ብቻ ይሁን» የሚል። አቤቱታው በመጀመሪያ ሲታይ ፍትሕ የጐደለው ይመስላል። በአንድ ወገን ጥቂት ባለ ጊዜዎች ጨዋታቸው እንዳይጓደል ይለምናሉ፤ በሌላው ወገን ብዙ ድሆች እንጀራቸው እንዳይቋረጥ ይጮኻሉ። እንዲህ ሆኖ ከቀረበ ሹሙ ለድሆቹ ቢያደላ የሚፈርድበት የለም። ዳሩ ግን በተባበረችው አሜሪካ ይህን የመሰለ አቤቱታ ያቀረቡ ሰዎች በጊዜ ብዛት ሕዝቡንም ነጋዴውንም ከጐናቸው ማሰለፍ ችለዋል። እንዴት እንደ ቻሉና ዋጋውን ማን እንደ ከፈለ ማወቅ ለሚፈርድ ሰው ይጠቅማል። (ስለ አሜሪካ በሚነገረው ሁሉ ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ የሚገባው፣ እነዚህ ሰዎች ተሰሚነት ያገኙት ራሳቸው ለመክፈል በመስማማታቸው ነው። በ1950 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ትሩማን የፈረሙት ሕግ አለ፤ ሕጉን ያቀረቡት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባል የሆኑት የሚሺጋኑ ዲንጄልና የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል የሆኑት የኮሎራዶው ጆንሰን ስለ ሆኑ እስከ ዛሬ በሁለቱ ስም ይጠራል። በዚህ ሕግ የመንጠቆ ዘንግ፣ የክር መጠቅለያ፣ የዓሣ ቅርጫትና ዓሣን የሚያታልል ሰው ሠራሽ መብል የሚሠራ ፋብሪካ ሁሉ ከሽያጩ 10 በመቶ ቀረጥ ይከፍላል። ገንዘቡም ከሌላው የመንግሥት ገቢ ጋር ሳይቀላቀል ለዓሣ እርባታና ለውሃ ጥበቃ ብቻ ይውላል። በ1984 ዓ.ም. ደግሞ ሕጉ ተስፋፍቶ ቀረጡ በሌሎችም የማጥመጃ ዕቃዎች ላይ ተጣለ፤ ከሞተር ጀልባ ነዳጅ የሚሰበሰበው ግብርና ከውጭ አገር በሚገቡ ጀልባዎችና ማጥመጃዎች ላይ የሚከፈለው ቀረጥም ተጨመረበት።

የገንዘቡ አከፋፈል በተለይ ለአስተዳዳሪዎች ሊመረመር የሚገባው ነው። እያንዳንዱ ግዛት ከገንዘቡ የሚደርሰው 40 በመቶው በመሬቱና በውሃው ስፋት፣ 60 በመቶው ፈቃድ አውጥተው በሚያጠምዱት ሰዎች ቍጥር ልክ ተሰልቶ ነው። ከ1 በመቶ በታች የሚደርሰው ግዛት የለም፤ ከ5 በመቶ በላይ የሚወስድም የለም። ግዛቱ ራሱ 25 ብር ሲያወጣ ከማዕከላዊው መንግሥት 75 ብር ይሰጠዋል እንደ ማለት ነው። ከዚህም ጋር ጥብቅ ቃል ኪዳን አለ፤ ከዓሣ አጥማጆች በፈቃድ ስም የሰበሰበውን ገንዘብ ለመንገድ ወይም ለደመወዝ ወይም ለሌላ ጕዳይ ያዋለ ግዛት ከዚህ ገንዘብ ድርሻ አያገኝም። ስለዚህ ገዢው አጥማጆቹን እንደ ለማኝ ሳይሆን ገቢ እንደሚያመጡ ሰዎች ይመለከታቸዋል። አጥማጁም የከፈለው ፈቃድ የት እንደ ደረሰ ስለሚያይ በሚቀጥለው ዓመት ሳያጕረመርም ይከፍላል።

ፋብሪካዎቹ በገዛ ዕቃቸው ላይ ቀረጥ ሲጣል ስለ ምን ደገፉ ቢባል፣ ነገሩ ቀላል ነው። ሦስት ጊዜ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው አራተኛ ጊዜ ዘንግ አይገዛም። ዓሣ የሌለበት ውሃ ለመንጠቆ ሻጭ እንደ ተዘጋ ገበያ ነው። ጀልባ የሚያከራየውም፣ ምግብ ቤት ያለውም፣ ነዳጅ የሚሸጠውም ሒሳቡ ይኸው ነው። ነጋዴ ስለ ፍጥረት ፍቅር ብዙ ቢነገረው በትሕትና ሰምቶ ይሄዳል፤ መዝገቡን ገልጦ ካሳዩት ግን ተቀምጦ ያዳምጣል።

ሁለተኛው ትምህርት የሚገኘው ከቴክሳስ ነው። በዚያ ባሕር ዳርቻ ቀይ ዓሣ የሚባል አለ። ይህ ዓሣ ከተፈለፈለ በኋላ ጥቂት ዓመታት በጥልቀት አልባው የባሕር ወሽመጥ ውስጥ ያድጋል፤ ለመራባት ሲደርስ ወደ ትልቁ ባሕር ይወጣል፤ ከዚያም ብዙ አሥርት ዓመታት ሊኖር ይችላል። በወሽመጡ ውስጥ የሚዘረጋ መረብ እንግዲህ የሚይዘው ገና ያልወለደውን ነው። ሽማግሌዎቹ ዓሦች በጥልቁ ባሕር እየኖሩ እንቍላል ስለሚጥሉ ጕዳቱ ቶሎ አይታይም፤ ሲታይ ግን ተተኪው ትውልድ አስቀድሞ ቀርቶአል። ከብት አርቢ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም፤ ጊደሮቹን ሁሉ እየሸጠ በአሮጊት ላሞች ብቻ የሚመካ ሰው መንጋው የሚያልቀው በአንድ ቀን አይደለምና።

በ1977 ዓ.ም. በሂውስተን ከተማ 14 የሚሆኑ አጥማጆች ተሰብስበው ማኅበር አቆሙ። ማኅበሩ ዛሬ በሌሎች ግዛቶችም ተስፋፍቶ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ማኅበር ይባላል። የመጀመሪያ ሥራቸው መጮኽ አልነበረም። ግብር እያበሉ ገንዘብ ሰበሰቡ፤ በየከተማው ቅርንጫፍ ከፈቱ፤ ሐኪሙንም ጠበቃውንም ባለ ሱቁንም አባል አደረጉ። በ1981 ዓ.ም. የቴክሳስ ምክር ቤት በግዛቱ ውሃ የተያዘ ቀይ ዓሣና ነጠብጣብ ያለበት የባሕር ትራውት እንዳይሸጥ በሕግ ከለከለ። በዚያው አሥር ዓመት በኒው ኦርሊንስ ከተማ ፖል ፕሩዶም የተባለ ስመ ጥር ወጥ ቤት በቅመም ለውሶ በጋለ ብረት ምጣድ የሚያጠቍረው የቀይ ዓሣ ጥብስ በአገሩ ሁሉ ዝነኛ ሆኖ የዓሣው ፍላጎት እጅግ ከፍ አለ። አንድ የወጥ አሠራር የባሕርን ዓሣ ለጥፋት ሊያቀርብ መቻሉ የሚያስደንቅ ነው። ሕጉ አስቀድሞ ባይወጣ ኖሮ የቴክሳስ ወሽመጥ በዚያ ገበያ ፊት ምን በሆነ ነበር የሚያሰኝ ነው።

የሽያጩ ክልከላ ብቻውን ግን ለሕዝብ የሚያሳየው ፍሬ የለውም። ማኅበሩ ከግዛቱ የአራዊትና የመናፈሻ መሥሪያ ቤትና ከአንድ የኤሌክትሪክ ኃይል ኩባንያ ጋር ተዋውሎ በኮርፐስ ክሪስቲ ከተማ አጠገብ የቀይ ዓሣ ጫጩት ማርቢያ እንዲቋቋም አደረገ። ኩባንያው ከኃይል ማመንጫው አጠገብ ቦታ ሰጠ፤ ማኅበሩ ገንዘብ አዋጣ፤ መሥሪያ ቤቱም ሥራውን ያዘ። በ1996 ዓ.ም. ደግሞ በሌክ ጃክሰን ከተማ ከዳው ኬሚካል ኩባንያ ጋር ሌላ ማርቢያ ተከፈተ፤ ይህኛው ሕፃናት እየመጡ ዓሣውን በመስታወት ውስጥ የሚያዩበት ክፍልም አለው። ሕፃን ይዞ የመጣ አባት ዘንግ ባይኖረውም እንኳ ነገሩ የእርሱም እንደ ሆነ ይሰማዋል። ኩባንያዎቹም ጥቅማቸውን አልሳቱም፤ ከባሕር ዳር ፋብሪካ የተከለ ድርጅት በጐረቤቶቹ ዘንድ መልካም ስም ማትረፉ ቀላል ሀብት አይደለም። መሥሪያ ቤቱ ግን ስጦታውን ሲቀበል የፋብሪካውን ፍሳሽ የመመርመር ሥልጣኑን አብሮ እንዳያስረክብ መጠንቀቅ አለበት።

ሦስተኛው ነገር በፍሎሪዳ የሆነው ሲሆን፣ የሁሉንም ብርታትና የሁሉንም ጕዳት አንድ ላይ ያሳያል። በዚያ ካርል ዊክስትሮም የተባለ ሰው በ1969 ዓ.ም. ያቋቋመው የአጥማጆች መጽሔት መረብ እንዲቀር ብዙ ጻፈ። ጕዳዩ በምክር ቤት በኩል አልሆን ሲል ደጋፊዎቹ የብዙ መቶ ሺህ ሰው ፊርማ ሰብስበው ለሕዝብ ድምፅ አቀረቡት። የዘመቻው ስም ስለ ጨዋታ ማጥመድ አንዲት ቃል አያነሣም ነበር፤ «የባሕራችንን ሕይወት እናድን» የሚል ነበር። በመረብ ተይዘው የሞቱ ኤሊዎችና ሌሎች እንስሶች ሥዕል በየቦታው ታየ፤ ባለ መረቦቹ ሥዕሉ የእኛን ሥራ አይገልጽም ብለው ቢከራከሩም የሰማቸው ጥቂት ነው። በ1994 ዓ.ም. በኅዳር ወር ከመቶው 72 ያህሉ ደግፎ ድምፅ ሰጠ፤ ክልከላውም በግዛቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ ገባ። ከሐምሌ 1995 ዓ.ም. ጀምሮ ዓሣን በጕንጩ የሚያንቅ መረብ በፍሎሪዳ ውሃ ሁሉ ቀረ፤ ሌላውም መረብ በጠረፍ አካባቢ ከ500 ካሬ ጫማ እንዳይበልጥ ተወሰነ።

ድምፁን ከሰጡት ብዙዎቹ መንጠቆ ይዘው የማያውቁ ናቸው። ስለ ኤሊው አዝነው ሰጡ። ይህ ለዘመቻ ሰዎች ታላቅ ድል ነው፤ ለአስተዳዳሪ ግን የሚያስፈራ ነገር አለበት፤ ለአንድ ቀን የራራ ሕዝብ ማግስቱን ከሥራው ስለ ወጣው ሰው አይጠይቅምና። በብዙ የጠረፍ መንደሮች ከአባት ወደ ልጅ የመጣ ሥራ በአንድ ድምፅ ቆመ። መንግሥት መረቦቹን በገንዘብ ገዛ፤ ነገር ግን የመረብ ዋጋ የሥራ ዋጋ አይደለም። ሴዳር ኪ የምትባለው ትንሽ ከተማ የተሻለ ዕድል ያገኘችው ለባለ መረቦቿ ሌላ ሥራ ስለ ተዘጋጀላቸው ነው። በባሕሩ ወለል ላይ በድርሻ እየተሰጣቸው ቅርፊት ያለውን የባሕር እንስሳ እንዲያረቡ ተማሩ፤ ከተማይቱም በዚህ እርባታ የታወቀች ሆነች። የጨዋታ አጥማጆች ስለ ድላቸው ሲናገሩ ሴዳር ኪን ብዙ ጊዜ ያነሣሉ፤ ሌሎቹን መንደሮች ግን ያን ያህል አያነሡም።

ወደ አገራችን ሲመለሱ፣ የአሜሪካው ሥርዓት እንዳለ ሊገለበጥ አይችልም። በእኛ ዘንድ ከመረብ የሚወጣው ዓሣ የብዙ ድሆች ምግብና ገቢ ነው፤ በጾም ወራትም ገበያው ይበልጥ ይደራል። ለመንጠቆ የሚመጣው እንግዳ ቍጥሩ ጥቂት ነው። ሆኖም የነጋዴውን ሒሳብ በሐዋሳ በአሞራ ገደል ቆሞ ማየት ይቻላል። በዚያ ባለ መረቡ፣ ዓሣ የምትጠብሰዋ ሴት፣ ባለ ጀልባውና እንግዳ ተቀባዩ ሆቴል የሚኖሩት ከአንድ ሐይቅ ነው። ሐይቁ ቢደኸይ ሁሉም ይደኸያሉ። ከእነዚህ ሁሉ ጋር ሳይመካከር የሚቀርብ የጨዋታ አጥማጆች አቤቱታ ግማሽ አቤቱታ ነው።

በ1995 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 315 ለአገሩ ሁሉ መሠረት ሲሆን፣ ክልሎችም የየራሳቸውን አውጥተዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ አቤቱታ የቀረበለት ሹም ሕግ የለም ብሎ ሊያቆየው አይችልም። ይልቁንም አመልካቾቹን ጥቂት ነገር ቢጠይቃቸው ይገባል፤ ለፈቃድ ስንት ይከፍላሉ፤ ገንዘቡ በማን እጅ ይቀመጣል፤ ከሆቴልና ከጀልባ ባለቤቶች ማን አብሮአቸው ፈርሞአል፤ መረቡን የሚያነሣው ሰውስ በምን ይተዳደራል። ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ ያላመጣ ማኅበር መልስ ይዞ እስኪመጣ ድረስ ቢመለስ በደል የለበትም።

ሁለቱ ወገኖች ሳይጣሉ አንድ ቃል ሊናገሩበት የሚችል ስፍራም አለ። በጣና ሐይቅ ነጭ ዓሣ የሚባለው ወገን ውስጥ በዓለም በሌላ ቦታ የማይገኙ ብዙ ዓይነቶች አሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በክረምት ወንዞቹ ሲሞሉ እንቍላላቸውን ለመጣል ወደ ጕማራ፣ ወደ ርብና ወደ ሌሎቹ ገባሮች ይወጣሉ። በዚያ ጊዜ በወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው ብዙ ይይዛል፤ የሚይዘው ግን እንቍላል የያዘችውን ነው። ነጭ ዓሣው ከቀድሞው እጅግ የቀነሰበት ዋናው ምክንያት ይህ እንደ ሆነ ውሃውን የመረመሩ ሊቃውንት ገልጸዋል። የወንዙ አፍ በእነዚያ ወራት ብቻ ቢዘጋ ባለ መረቡ በቀረው ዓመት በሐይቁ ላይ የበለጠ ያገኛል፤ ባለ መንጠቆውም ትልቁን ዓሣ ያገኛል፤ የባሕር ዳር ባለ ሆቴሎችና የጀልባ ባለቤቶችም ለጠባቂው ደመወዝ ለማዋጣት ምክንያት ይኖራቸዋል። አቤቱታው በባለ መረቦቹ ሽማግሌዎች ስም ተጀምሮ በጨዋታ አጥማጆቹና በነጋድያኑ ፊርማ ቢደገፍ፣ የወረዳው ሹም የሚቀረው የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ቀን ከክረምቱ ዝናብ በፊት ማስታወቅና በእያንዳንዱ የወንዝ አፍ ጠባቂ ማቆም ነው።