«መድኃኒት» ወይስ «መርዝ»? ስለ ፀረ ተባይ ስያሜ

ለጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ጎብኚዎች ስለ እንዶድ አጭር መግለጫ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ገና ከጅምሩ የስያሜ ችግር ይገጥመዋል። ፍሬው ልብስ ማጠቢያ ነው፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ እንዳስተዋሉት ደግሞ ቢልሃርዝያ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ ይገድላል። ታዲያ መድኃኒት ነው ወይስ መርዝ?

ጥያቄው በፋብሪካ ኬሚካሎች ላይ ይብሳል። ሕዝቡ ለአይጥ የሚደረገውን ያለ ማመንታት «የአይጥ መርዝ» ሲል፣ በሰብል ላይ የሚረጨውን ግን «መድኃኒት» ይለዋል። ቃሉ ከግእዙ «ድኅነ» የወጣ እንደ መሆኑ የመዳንን ትርጉም አልለቀቀም። መኖ ሲወደድ ከኑግ ፋጉሎና ከፉርሽካ ጋር የተረፈ ዘር ለመደባለቅ የሚያስብ ዶሮ አርቢ በከረጢቱ ላይ «መድኃኒት የተቀባ ዘር» የሚል ቢያነብ ምን ያስጠረጥረዋል?

«ፀረ ተባይ» ይሻላል፤ «ፀር» ጠላት ማለት ነውና። ሆኖም ጠላትነቱን በተባይ ብቻ የተወሰነ ያስመስለዋል። በእንስሳት ላይ የተደረጉ የመርዛማነት ጥናቶች ይህን አይደግፉም። ትሬቫን እ.ኤ.አ. በ1927 ያቀረበው መለኪያ ከሙከራ እንስሳቱ ግማሹን የሚገድለውን መጠን ይፈልጋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የ1975ቱ ምደባም በዋናነት በአይጦች ላይ በተገኘው በዚሁ መጠን ላይ የቆመ ነው። ይህን «ግማሽ ገዳይ መጠን» ማለት ያሳስታል፤ ግማሽ ሞት የለምና። «ግማሹን የሚገድል መጠን» እንላለን። ቁጥሩ ሲያንስ መርዙ እንደሚበረታም ተርጓሚው አይዘንጋ።

ለከረጢቱ የምናቀርበው ጽሑፍ ይህ ነው፦ «ፀረ ተባይ መርዝ የተቀባ ዘር፤ ለሰውም ለዶሮም አይሰጥም»።