ሁለት መዝገብ፣ አንዲት ሴት

አንዲት ሴት በአንድ ሆስፒታል መዝገብ «ፀሐይ ኃይሉ፣ ጥር 5 ቀን 1982» ተብላ ተጽፋለች እንበል። በአንድ ጤና ጣቢያ ደግሞ «ጸሃይ ሀይሉ፣ 13/1/1990» የሚል ካርድ አለ። አንባቢ የስሞቹ ድምፅ አንድ መሆኑን ወዲያው ያስተውላል፤ የዘመን አቆጣጠሩን ልዩነት ካሰላም ቀኖቹ አንድ ዕለት እንደ ሆኑ ይደርስበታል። ለኮምፒውተር ግን ፀ እና ጸ፣ ኃ እና ሀ የየራሳቸው ቁጥር ያላቸው ፊደላት ስለሆኑ ሁለቱ መዝገቦች አይገናኙም። በሆስፒታሉ መዝገብ «ፔኒሲሊን አይስማማትም» ተብሎ ተጽፎ ቢሆን፣ ጤና ጣቢያው ይህን ሳያውቅ መድኃኒቱን ሊያዝዝላት ይችላል።

የልዩ ልዩ ተቋማትን የመረጃ ቋቶች በአንድ ቦታ መከመር ቀላል ነው። አስቸጋሪው «እነዚህ ሁለት መዝገቦች የአንድ ሰው ናቸውን?» የሚለው ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ሐዋርድ ኒውኮምና ባልደረቦቹ በካናዳ መዝገቦችን በኮምፒውተር የማዛመድ ዘዴ አሳተሙ፤ በ1969 ኢቫን ፌሌጊና አለን ሰንተር ለዘዴው የሒሳብ መሠረት አኖሩለት።

ሐሳቡ እያንዳንዱ መግጠም የራሱ ክብደት አለው የሚል ነው። የአንድ ሰው በሆኑ መዝገቦች የልደት ቀንና ወር ከ100 ጊዜ በ95ቱ ይገጥማል እንበል። የሁለት ባዕዳን ልደት በአጋጣሚ የሚገጥመው ከ365 ጊዜ አንዴ ያህል ነው። የሁለቱ ንጽጽር 347 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ጾታ ግን በባዕዳንም መካከል ከሁለት አንዴ ስለሚገጥም፣ ክብደቱ 2 እጥፍ እንኳ አይሞላም። «አበበ» ከሚለው የተለመደ ስም ይልቅ እምብዛም የማይሰማ የአባት ስም ቢገጥም የበለጠ ይመዝናል።

የአንዱ መግጠም የሌላውን እስካላስከተለ ድረስ እጥፎቹ እርስ በርስ ይባዛሉ። ውጤቱ እጅግ ከፍ ሲል መዝገቦቹ ይዋሐዳሉ፤ እጅግ ዝቅ ሲል ተለያይተው ይቀመጣሉ፤ በመካከል የቀረውን ሰው ይመረምረዋል። የማዋሐጃውን ወሰን ዝቅ ብናደርገው የሁለት ሰዎች ታሪክ ይደባለቃል፤ ከፍ ብናደርገው የአንዲት ሴት ታሪክ ለሁለት ተከፍሎ ይቀራል። ሁለቱንም ስሕተቶች በአንድነት የሚቀንሰው የመዝገቡ ጥራት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 ዐዋጅ የወጣለት የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ ለእያንዳንዱ ተመዝጋቢ ልዩ ቁጥር ስለሚሰጥ የወደፊቱን ሥራ ያቀልላል። ከእርሱ በፊት የተጻፉት ካርዶች ግን ይህ ቁጥር የላቸውም። ስለዚህ እነርሱን ለማዛመድ ሞክሼ ፊደላትን ከማነጻጸር አስቀድሞ ወደ አንድ መመለስ፣ ቀኖችን ሁሉ ወደ አንድ የዘመን አቆጣጠር መለወጥ፣ አጠራጣሪውንም ለሰው ዓይን መተው ያስፈልጋል። ዛሬ ካርድ የሚሞላ ሠራተኛም ከቀኑ ጎን «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብሎ ቢጽፍ፣ ነገ መዝገቦቹን ለሚያገናኘው ሰው ትልቅ እርዳታ አደረገ ማለት ነው።