አረሚ፦ የነገድ ስም የነበረው ቃል

«አረሚ» የሚለው ጥንታዊ ቃል ዛሬ ጆሮአችን ሲደርስ «አረመኔ» ከሚባለው ከአማርኛው ልጁ ጋር ተዳብሎ ስለሚመጣ፣ ጭካኔንና ደም ማፍሰስን ብቻ የሚያመለክት ይመስለናል፤ በግእዝ መጻሕፍት ግን «ብሔረ አረሚ» ሲባል ወንጌል ያልተሰበከበት፣ ጣዖት የሚመለክበት አገር ማለት ነውና፣ ቃሉ አስቀድሞ የሚነግረን የሰዎቹን እምነት እንጂ ጠባያቸውን አይደለም። ከዚያም ወደ ኋላ ቢሄዱ ቃሉ እምነትንም የማይነካ፣ የአንድ ነገድ መጠሪያ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

ይህ ነገድ በሶርያ ምድር ይኖር የነበረው፣ ደማስቆን ዋና ከተማው ያደረገው የአራም ወገን ነው። ደማስቆ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ732 ዓመት በአሦር ንጉሥ እጅ ብትወድቅና የአራማውያን መንግሥት ቢፈርስም፣ ቋንቋቸው ግን ድል አድራጊዎቹን መልሶ ድል ነሥቶ፣ በአሦርም በኋላም በፋርስ ነገሥታት ዘመን የመንግሥት መጻጻፊያ እስከ መሆን ደረሰ። በመጽሐፈ ነገሥት እንደ ተጻፈው፣ የአሦር ሠራዊት ኢየሩሳሌምን ባስጨነቀ ጊዜ የንጉሥ ሕዝቅያስ ሹማምንት የአሦሩን መልእክተኛ ራፋስቂስን በአራማይስጥ እንዲናገራቸው የለመኑት፣ በቅጥሩ ላይ ያለው ሕዝብ ሰምቶ እንዳይሸበር ነበር፤ ሹማምንቱ የሚያውቁትን ቋንቋ ሕዝቡ ገና አያውቀውም ነበርና። ብዙ መቶ ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን ያው ቋንቋ የዚያ ሕዝብ ልጆች አፍ መፍቻ ሆነ፤ ጌታችንም ደንቆሮውን «ኤፍታህ» ብሎ የፈወሰው በእርሱ ነው።

ታዲያ ይህን የመሰለ ስም እንዴት የአሕዛብ መጠሪያ ሆነ? አይሁድ በአራማይስጥ እየተናገሩና እየጻፉ ሳለ፣ በዙሪያቸው ያለውን ጣዖት አምላኪ ጎረቤት «አራማዊ» ይሉት ጀመር። የሶርያ ክርስቲያኖችም በተራቸው ራሳቸውን «ሱርያውያን» ብለው የአባቶቻቸውን ስም ላላመኑት ተዉላቸው፤ እንዲያውም ሁለቱ እንዳይምታቱ በአንድ ድምፅ ለይተው፣ ለነገዱ «አራማያ»፣ ለጣዖት አምላኪው «አርማያ» የሚል ንባብ አበጁ። ፍሺጣ በሚባለው በሱርስት መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በግብረ ሐዋርያት የጢሞቴዎስ አባት፣ በጽርኡ ግሪካዊ የተባለው ሰው፣ «አርማያ» ተብሎ እናገኘዋለን። የግሪክ ሰው ከአራም ነገድ ሊወለድ እንደማይችል ግልጽ ነውና፣ በዚያን ጊዜ ከ«አርማያ» የነገዱ ትርጉም ጨርሶ ጠፍቶ እንደ ነበር ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

ወደ አገራችን የገባው ይህ ሁለተኛው ትርጉም ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ኖልደኬ በ1910 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንዳመለከተው፣ ሃይማኖት፣ ኦሪት፣ ጣዖት የሚሉት ቃላት ሁሉ ከአራማይስጥ ወደ ግእዝ የተሻገሩ ናቸው፤ አረሚም ከነዚሁ ጋር ይቈጠራል። ብዙዎች ያመጡአቸው ከሶርያ መጡ የሚባሉት ተስዓቱ ቅዱሳን ናቸው ሲሉ፣ ፖሎትስኪ የተባለው ሊቅ ግን በ1964 እ.ኤ.አ. ከእነዚህ ቃላት ብዙዎቹ በአይሁድ አራማይስጥ በኩል፣ ከክርስትና አስቀድሞ የገቡ ናቸው ብሎ ተከራክሯል። ለእኔ የኋለኛው አሳብ ይበልጥ ያሳምነኛል፤ ምጽዋትን የመሰለው ቃል የአይሁድን መዓዛ አጥብቆ ይዟልና።

ከአረሚ ጎን የሚቆመው «አሕዛብ» ደግሞ ሌላ መንገድ ተጉዟል። ነጠላው «ሕዝብ» እስከ ዛሬ በክብር ሲጠራ፣ ብዙው «አሕዛብ» ግን ከእስራኤል ውጭ ላሉት፣ ኋላም ከክርስትና ውጭ ላሉት ተሰጠ። ኢሳይያስ «የአሕዛብ ገሊላ» ያላት ምድር ግን ጌታ ያደገባትና ያስተማረባት አገር መሆኗን ማቴዎስ ወንጌላዊ ራሱ ይመሰክራል።

በአውሮፓም ነገሩ ከዚህ አልራቀም፤ ሮማውያን ለባላገር ይሉት የነበረው «ፓጋኑስ» ለጣዖት አምላኪ ሲተርፍ፣ የእንግሊዙ ባለቅኔ ቾሰር በ14ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ላይ በግጥሙ የሣለው ባላባት በክርስቲያን አገርም በ«ሄዝነስ»ም፣ ማለት በአረሚ አገርም፣ እንደ ተዋጋ ሲናገር፣ እስክንድርያም ሊቱዌኒያም በዚያው ውጊያ ተቈጥረዋል። አንድ አምላክ የሚያመልከውን የእስላሙን ምድርና ጣዖት የነበረበትን የሊቱዌኒያን ዱር በአንድ ስም መጠቅለል እንግዳ ነገር ነው።

በእኛም አገር ንጉሥ ዒዛና በ4ኛው መቶ ዓመት ባስቀረጻቸው ጽሑፎች ቀድሞ የጣዖቱ የማሕረም ልጅ ነኝ ይል ነበር፤ ኋላ ግን የሰማይን ጌታ አመሰገነ። በኋለኞቹ ጸሐፊዎች ልማድ ቢለካ፣ የአክሱም ዙፋን ራሱ እስከዚያ ቀን ድረስ በብሔረ አረሚ ቆሞ ነበር ማለት ነው፤ ይሁንና ከማመኑ በፊት የነበረውን ዒዛና ጨካኝ ብሎ የሚጠራው የለም። «አረመኔ» የጭካኔ ስም የሆነው ጸሐፊው ጠላቱን በእምነቱ ስም መጥራት ከለመደ ወዲህ ይመስለኛል፤ ዛሬማ ክርስቲያን የሆነ ነፍሰ ገዳይ ሳይቀር «አረመኔ» ይባላል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ገድል ወይም ታሪከ ነገሥት ስታነብ «አረሚ» የሚለውን ባገኘህ ጊዜ የዛሬውን አማርኛ አትጫንበት፤ ጸሐፊው «ያላመነ» ማለቱ ነው።