አምፖሉን የሸጠ አምፖሉን ይቀበል

ቆራሌው የሚገዛው መልሶ የሚሸጠውን ብቻ ነው። በሞተ የመኪና ባትሪ ውስጥ እርሳስ አለ፤ በተቃጠለ ሞተር ውስጥ መዳብ አለ፤ ያረጀ ኮምፒውተርም ቢሆን መርካቶ ምናለሽ ተራ ከደረሰ ፈላጊ አያጣም። ሰሜን ሸዋ ካለችው አንኮበር እስከ ደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ይህን ሁሉ መንገድ የጭነቱን ሒሳብ ችለው የሚሄዱት መዳብና እርሳስ ናቸው። የተቃጠለ ኃይል ቆጣቢ የፍሎረሰንት አምፖል ግን ገዢ የለውም። ብርጭቆው ስስ፣ ብረቱ ኢምንት ነው፤ በውስጡ ያለው ጥቂት ሚሊ ግራም ሜርኩሪም ለማንም ሳንቲም አያወጣም። ስለዚህ በአንኮበር ወረዳ ጎረቤላ ላይ የተቃጠለ አምፖል እዚያው ጓሮ ወይም ገደል ይጣላል። ሲሰበር ሜርኩሪው ይተንናል፤ የቀረውን ዝናብ ያጥበዋል። ከአንኮበር ገደላገደል የሚወርደው ውሃ ደግሞ ወደ አዋሽ ነው የሚያመራው።

ይህ አምፖል በአገራችን የተስፋፋው በመንግሥት ጥረት ጭምር ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ መብራት በፈረቃ በነበረበት ጊዜ የመብራት ኃይል ኮርፖሬሽን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኃይል ቆጣቢ አምፖሎችን በአሮጌዎቹ ምትክ አድሏል። ኃይል መቆጠቡ ትክክል ነበር። የተቃጠለውን ማን ይሰብስብ የሚለው ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም።

መልሱ የአምራች ኃላፊነት የሚባለው ሥርዓት ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1990 ለስዊድን መንግሥት ባቀረበው ጥናት ስም የሰጠው ቶማስ ሊንድክቪስት የተባለ ምሁር ነው። ዕቃውን ገበያ ያወጣ ወገን ዕቃው ካገለገለ በኋላም የመሰብሰቡን፣ የማጓጓዙንና የመፈታታቱን ወጪ ይሸፍናል። ወጪው በእሱ ላይ ከወደቀ፣ ገና ሲሠራው በቀላሉ እንዲፈታና መርዙ እንዲቀንስ ያስባል። የአውሮፓ ኅብረት ይህን እ.ኤ.አ. በ2003 ሕግ አደረገው፤ በ2012 በተሻሻለው ሕግ መሠረት ቢያንስ 400 ካሬ ሜትር የሚሰፋ የኤሌክትሮኒክስ መሸጫ ትናንሽ ያረጁ ዕቃዎችን፣ ደንበኛው አዲስ ባይገዛም እንኳ፣ በነፃ ይቀበላል።

እኛም ሐሳቡን በተግባር እናውቀዋለን። ለስላሳና ቢራ በመስታወት ጠርሙስ ሲሸጥ ባለሱቁ መያዣ ይቀበላል፤ አከፋፋዩም ባዶውን ሳጥን ጭኖ ወደ ፋብሪካው ይመልሳል። ጠርሙሱ ሩቅ ገጠር ደርሶ የሚመለሰው ሰው ስለ አካባቢ ጥበቃ ተሰብኮ ሳይሆን ገንዘቡ ስላለበት ነው። አምፖልም እንዲህ ያለ ገንዘብ ሊኖረው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ኢትዮጵያ በወረቀት ላይ ባዶ እጇን አይደለችም። የአደገኛ ቆሻሻ ዝውውርን የሚቆጣጠረው የባዝል ስምምነት አባል ከሆነች ከ20 ዓመት በላይ ሆኗታል። የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ደንብ ቁጥር 425 የወጣው በ2010 ዓ.ም ነው። አዲስ አበባ አቃቂ ላይም ያረጁ ኮምፒውተሮችን የሚፈታታ ማዕከል ተቋቁሟል። ለአንኮበር ግን አቃቂ ሩቅ ነው፤ የማጓጓዣውን ማን ይከፍላል የሚለው ሳይመለስ ማዕከል መክፈት ብቻውን አያደርስም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ከአምራች አገሮች ይለየናል። ቴክኖን የመሰሉ ስልኮች አዲስ አበባ ቢገጣጠሙም አብዛኛው ዕቃ ከውጭ የሚገባ ስለሆነ፣ ለእኛ አምራች ማለት በዋናነት አስመጪው ነው። አስመጪ ደግሞ በጉምሩክ ያልፋል፤ ክፍያውንም እዚያው መቀበል ይቻላል። ጋና እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ሕግ ወደ አገር በሚገቡ ኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ላይ እንዲህ ያለ ክፍያ ጥላለች። ትልቁ ቀዳዳ ኮንትሮባንድ ነው፤ በድብቅ የገባ ስልክ ምንም ሳይከፍል፣ ሕጋዊው አስመጪ የሁለቱንም ቆሻሻ ይሸከማል። ይህ ካልተገታ ሥርዓቱን የሚጠሉት መጀመሪያ ሐቀኞቹ ነጋዴዎች ይሆናሉ።

የተሰበሰበው ገንዘብም አዲስ አበባ ላይ መቅረት የለበትም። ወደ ጎረቤላ አምፖል፣ ባትሪ ድንጋይና ቻርጀር ጭኖ የሚሄድ አይሱዙ አለ፤ ሲመለስ የተቃጠለውን በካርቶን አሽጎ ቢያመጣ የሚያስፈልገው ለባለሱቁና ለሾፌሩ የሚከፈል ጥቂት ብር ነው። እየከፈሉ በአካባቢ ሰው ማሠራት ለገጠሩ አዲስ አይደለም፤ በዚሁ በሰሜን ሸዋ፣ ሬማ ላይ የፀሐይ ኃይል መብራት በገባበት ጊዜ፣ ነዋሪው በየወሩ ለጥገና እየከፈለ በአካባቢው የሠለጠኑ ቴክኒሻኖች መሣሪያውን ይከታተሉ ነበር። ጊዜውም አጭር ነው፤ ሜርኩሪን በሚገድበው በሚናማታ ስምምነት መሠረት የፍሎረሰንት አምፖል ማምረት፣ ወደ ውጭ መላክና ከውጭ ማስገባት እስከ እ.ኤ.አ. 2027 ድረስ እንዲቆም ተወስኗል። ተተኪው የኤልኢዲ አምፖል ሜርኩሪ የለውም፤ በየቤቱ የተሰቀለው የፍሎረሰንት አምፖል ግን መቃጠሉ አይቀርምና፣ መሰብሰቢያው ከዚያ በፊት መዘጋጀት አለበት።